«ሲስተም የለም» ሲባል ምን ማለት ነው? የመረጃ ቴክኖሎጂ መሠረተ ልማት ለሥራ አስኪያጆች

መግቢያ

ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄደን፣ ተራ ይዘን፣ መስኮቱ ጋ ስንደርስ «ሲስተም የለም» የተባልንበት ቀን ጥቂት አይደለም። ደንበኛው እያጉረመረመ ይመለሳል፤ ሠራተኛዋ እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች፤ ሥራ አስኪያጁም ስልክ አንሥቶ የኮምፒዩተር ክፍሉን ኃላፊ ይቆጣል። ኃላፊው የሚሰጠው ማብራሪያ ብዙውን ጊዜ ለሥራ አስኪያጁ ባዕድ ቋንቋ ነው። በዚህም ምክንያት ሥራ አስኪያጁ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፦ ወይ ያልገባውን የግዥ ጥያቄ አምኖ ይፈርማል፣ ወይ ያልገባውን ጥያቄ «ውድ ነው» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም መሥሪያ ቤቱን ዋጋ ያስከፍላሉ።

ሙያችን ፊዚክስ እንጂ የንግድ ሥራ አመራር አይደለም። ይሁን እንጂ በመረጃ መረቦች ላይ ከሚወሰኑት ውሳኔዎች ብዙዎቹ በመጨረሻ የሚያርፉት በብርሃን ፍጥነት፣ በርቀት፣ በኤሌክትሪክ ኃይልና በቀላል የዕድል ሒሳብ ላይ ስለሆነ ጥቂት የምንለው ይኖረናል። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው አንድ ዋና ነገር ነው። «ሲስተም» ተብሎ የሚጠራ አንድ ነጠላ ዕቃ የለም። ያለው እርስ በርሳቸው የተያያዙ፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጠባይና የየራሳቸው የመበላሻ መንገድ ያላቸው ክፍሎች ስብስብ ነው። የትኛው እንደጎደለ ለይቶ የማይጠይቅ ሥራ አስኪያጅ ያልጎደለውን ይገዛል።

1. ክፍሎቹ

የአንድ መካከለኛ መሥሪያ ቤት የመረጃ መሠረተ ልማት በአምስት ክፍሎች ሊታይ ይችላል።

የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ደቂቃዎች የሚያቆየው ባትሪ ያለው መሣሪያ ዩ.ፒ.ኤስ. ይባላል፤ ሥራው ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ወይም ማሽኖቹ በሥርዓት እስኪዘጉ ፋታ መስጠት ነው እንጂ ቀኑን ሙሉ ማሠራት አይደለም። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታይ ስሕተት አለ። ጄኔሬተሩ የመብራቱንና የኮምፒዩተሩን መስመር ይመግባል፤ በሦስተኛው ፎቅ ኮሪደር በትንሽ ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠው የመረብ መሣሪያ ግን ከጄኔሬተሩ መስመር ጋር ሳይገናኝ ይቀራል። ውጤቱ መብራት እያለ፣ ኮምፒዩተር እየሠራ፣ «ሲስተም የለም» መባሉ ነው።

ሁለተኛው ሰርቨር ነው። ሰርቨር የብዙ ሠራተኞችን ጥያቄ ተቀብሎ የሚመልስ ኮምፒዩተር ሲሆን የመሥሪያ ቤቱ መዝገብ የሚቀመጥባቸውን ዲስኮችም ይይዛል። ሦስተኛው የግቢ ውስጥ መረብ ነው፤ ኬብሎችን፣ ኬብሎቹ የሚገናኙባቸውን ስዊች የሚባሉ መሣሪያዎችና ዋይፋይን ያጠቃልላል። አራተኛው የውጭ መስመር ነው፤ ራውተር በሚባለው መሣሪያ በኩል መሥሪያ ቤቱን ከቴሌኮም አገልግሎት ሰጪው፣ ከዚያም ከቅርንጫፎቹና ከዓለም ጋር ያገናኛል። አምስተኛው በእነዚህ ሁሉ ላይ ተቀምጦ ሥራውን የሚሠራው ፕሮግራም ነው።

በሥዕላዊ መግለጫዎች ላይ የማይታይ ስድስተኛ ክፍልም አለ፤ እርሱም ሰው ነው። የሰርቨሩን የይለፍ ቃል አንድ ሠራተኛ ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ያ ሠራተኛ ሥራ የለቀቀ ዕለት መሥሪያ ቤቱ ከሌሎቹ ክፍሎች የበለጠ ውድ የሆነውን ክፍል አጥቷል።

2. ስፋትና መዘግየት

ሥራ አስኪያጆች መስመር ሲገዙ የሚጠይቁት ጥያቄ «ፍጥነቱ ስንት ነው?» የሚል ነው። «ፍጥነት» የሚለው ቃል ግን እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይደባልቃል።

አንደኛው የመስመሩ ስፋት ነው፤ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ስንት ቢት ማለፍ እንደሚችል ይገልጻል። ቢት የመረጃ ትንሹ አሐድ ነው፤ 8 ቢት አንድ ባይት ይሆናል። የመስመር ስፋት የሚሸጠው በሜጋ ቢት፣ የፋይል መጠን የሚለካው በሜጋ ባይት መሆኑ ብዙዎችን ያሳስታል። በሴኮንድ 10 ሜጋ ቢት በሚያስተላልፍ መስመር 100 ሜጋ ባይት የሆነ ፋይል በ10 ሰከንድ ያልፋል ብሎ የጠበቀ ሰው 80 ሰከንድ ይጠብቃል፤ ሻጩ ግን አላታለለውም።

ሁለተኛው መዘግየት ነው፤ አንድ ጥያቄ ወጥቶ መልሱ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ ማለት ነው። ስፋትን ከውኃ ቧንቧ ውፍረት፣ መዘግየትን ከቧንቧው ርዝመት ጋር ልናመሳስላቸው እንችላለን። ቧንቧውን ማወፈር ብዙ ውኃ ያስገኛል፤ የመጀመሪያዋን ጠብታ ግን አያፈጥናትም።

ስፋት በገንዘብ ይገዛል። መዘግየት ግን ገንዘብ የማያልፈው ወለል አለው። ብርሃን በባዶ ኅዋ በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በፋይበር ኦፕቲክ ብርጭቆ ውስጥ ግን ወደ 200,000 ዝቅ ይላል። ከአዲስ አበባ እስከ ፍራንክፈርት በቀጥታ መስመር 5,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኬብሉ እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ብሎ ቢዘረጋ እንኳ ደርሶ መልሱ 10,600 ኪሎ ሜትር ስለሚሆን ከ0.05 ሰከንድ በታች ሊወርድ አይችልም። እውነተኛው መንገድ ባሕሩንና የብሱን እየዞረ፣ በየመሣሪያው እየቆመ ስለሚሄድ ከዚህ ይበልጣል።

ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ባለች፣ ከምድር ጋር እኩል በምትዞር ሳተላይት በኩል የሚያልፍ መስመር ደግሞ የባሰ ነው። ጥያቄው ወጥቶ ይወርዳል፤ መልሱም ወጥቶ ይወርዳል። አራት ጊዜ 35,786 ኪሎ ሜትር በብርሃን ፍጥነት ስናካፍለው ግማሽ ሰከንድ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። በ550 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚዞሩት አዳዲሶቹ ሳተላይቶች ይህን ችግር ያቃለሉት ብርሃንን አፍጥነው ሳይሆን ርቀቱን አሳጥረው ነው።

ይህ ልዩነት በተግባር ምን ያመጣል? አንድ የምናውቀው መሥሪያ ቤት በገጠር ያለው ቅርንጫፉ በሳተላይት ይገናኝ ነበር። የደንበኛን መዝገብ ለመክፈት ሠላሳ ሰከንድ ይፈጅ ስለነበር ሥራ አስኪያጁ የመስመሩ ስፋት እጥፍ እንዲሆን አስፈቀደ፤ ወርኃዊ ክፍያውም ጨመረ። ሠላሳው ሰከንድ ግን ሠላሳ ሆኖ ቀረ። ነገሩ ሲመረመር ፕሮግራሙ አንድን መዝገብ ለመክፈት ከዋናው መሥሪያ ቤት ሰርቨር ጋር 60 ጊዜ ያህል ይመላለስ ነበር። ስም ይጠይቃል፤ መልስ ይጠብቃል፤ አድራሻ ይጠይቃል፤ ደግሞ ይጠብቃል። 60 ጊዜ ግማሽ ሰከንድ ሠላሳ ሰከንድ ነው። መድኃኒቱ ጥያቄዎቹን ባንድነት ጠቅልሎ እንዲልክ ፕሮግራሙን ማሻሻል ነበር። ይህ የሥራ አስኪያጁ ጥፋት ብቻ አይደለም፤ «ፍጥነት» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም እንዳለው የነገረው አልነበረም።

3. ብርጭቆ፣ መዳብና አየር

መረጃ ከቦታ ወደ ቦታ የሚጓዝባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም የሚታዘዙት ለተፈጥሮ ሕግ ነው።

ብርጭቆ፦ በፋይበር ኦፕቲክ ውስጥ ብርሃን የሚጓዘው የውስጠኛው ብርጭቆ ከሚሸፍነው ብርጭቆ የበለጠ የስብረት መጠን ስላለው ነው፤ ብርሃኑ ጠርዙን ሲነካ ወደ ውጭ ከመውጣት ይልቅ ተመልሶ ወደ ውስጥ ይንጸባረቃል። እ.ኤ.አ. በ1966 ቻርልስ ካዎና ባልደረባቸው ጆርጅ ሆክሃም ያሳዩት ቁም ነገር፣ በጊዜው በነበረው ብርጭቆ ውስጥ ብርሃን ቶሎ የሚዳከመው በብርጭቆው ባሕርይ ሳይሆን በውስጡ ባለው ቆሻሻ ምክንያት መሆኑን ነው። ከአንድ ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ ከብርሃኑ አንድ መቶኛው እንኳ ቢተርፍ መስመሩ ለስልክ ግንኙነት እንደሚያገለግል አመለከቱ። እ.ኤ.አ. በ1970 ኮርኒንግ በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያሉ ተመራማሪዎች ከዚህ ወሰን የተሻለ ብርጭቆ ሠሩ። በዛሬዎቹ ምርጥ ፋይበሮች ብርሃኑ ወደ አንድ መቶኛ የሚወርደው ከ100 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ ነው። ካዎ እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤል የፊዚክስ ሽልማት ተካፋይ ሆነዋል።

መዳብ፦ በቢሮ ውስጥ ከጠረጴዛ እስከ ስዊች የሚዘረጋው ተራ የመረብ ኬብል የተወሰነለት ርዝመት 100 ሜትር ነው። ከዚያ ሲያልፍ ምልክቱ ይደክማል፤ አንዳንድ ጊዜ ይሠራል፣ አንዳንድ ጊዜ ይቆማል፤ እንዲህ ያለው ሕመም ደግሞ ፈጽሞ ከመሞት ይልቅ ምርመራውን ያከብደዋል። መዳብ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ በመሆኑም በሁለት ሕንፃዎች መካከል በተዘረጋ ኬብል በክረምት መብረቅ የሚፈጥረው ኃይል ገብቶ መሣሪያዎችን ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ ከሕንፃ ወደ ሕንፃ ፋይበር እንዲዘረጋ ባለሙያ ሲጠይቅ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም፤ ብርጭቆ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም።

አየር፦ ዋይፋይ ርካሽና ምቹ ነው፤ ነገር ግን አየሩ የጋራ ነው። ከአንድ የዋይፋይ መሣሪያ ጋር የተገናኙ ሰዎች እንደ እድር ስብሰባ ተራ በተራ እንጂ ባንድ ጊዜ ሊናገሩ አይችሉም፤ ሰው በበዛ ቁጥር የእያንዳንዱ ድርሻ ይቀንሳል። በግልጽ ስፍራ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ኃይል ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል፤ ብረት ያለበት የኮንክሪት ግድግዳ ሲጨመር ደግሞ የባሰ ይሆናል። በተለመደው የ2.4 ጊጋ ኸርዝ ሞገድ ላይ እርስ በርሳቸው የማይደራረቡት መስመሮች ሦስት ብቻ ናቸው። ስለሆነም ዋይፋይ ሲዳከም «ሌላ መሣሪያ ጨምሩ» የሚለው ትእዛዝ ያለ ጥናት ከተፈጸመ ጩኸት በበዛበት ስብሰባ ላይ ሌላ ተናጋሪ እንደ መጨመር ነው። ባለበት የማይንቀሳቀስ የገንዘብ ተቀባይ ኮምፒዩተር በኬብል ሊገናኝ እየቻለ በዋይፋይ እንዲሠራ የሚያስገድድ ምክንያት የለም።

4. የአስተማማኝነት ሒሳብ

መምህራን 99 ከመቶ ያመጣ ተማሪ ስናይ እናመሰግነዋለን። በመሠረተ ልማት ግን 99 ከመቶ የሚያስመሰግን ውጤት አይደለም።

ከላይ የዘረዘርናቸው አምስት ክፍሎች እያንዳንዳቸው ከጠቅላላው ጊዜ 99 ከመቶውን ይሠራሉ እንበል። ለደንበኛው አገልግሎት የሚሰጠው አምስቱም ባንድ ጊዜ ሲሠሩ ብቻ ነው። አንዱ የሚበላሽበት ምክንያት ከሌላው የማይገናኝ ከሆነ የጠቅላላው አስተማማኝነት የአምስቱ ብዜት ይሆናል፦ 0.99 አምስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 0.951 ገደማ ይመጣል። የጎደለው 4.9 ከመቶ በዓመት ወደ 18 ቀን ይጠጋል። እያንዳንዱ የክፍል ኃላፊ «የእኔ ክፍል 99 ከመቶ ይሠራል» ብሎ በእውነት እየማለ መሥሪያ ቤቱ በዓመት 18 ቀን ሊዘጋ ይችላል ማለት ነው።

ተቃራኒውም ሒሳብ አለ። 99 ከመቶ የሚሠራ አንድ መስመር በዓመት ወደ 3 ቀን ተኩል ይቋረጣል። ከጎኑ እኩል የሆነ ሁለተኛ መስመር ቢኖር፣ አገልግሎት የሚቋረጠው ሁለቱም ባንድ ጊዜ ሲጠፉ ብቻ ስለሆነ፣ 0.01 ጊዜ 0.01 ማለትም 0.0001 ይሆናል፤ ይህም በዓመት ከአንድ ሰዓት ያነሰ ነው። ሁለት መካከለኛ መስመሮች ከአንድ እጅግ ምርጥ መስመር የሚበልጡበት ጊዜ አለ።

ይህ ውብ ውጤት ግን የሚሠራው በአንድ ቃል ላይ ተመሥርቶ ነው፤ «የማይገናኝ» በሚለው ቃል። ሁለቱ መስመሮች በአንድ ቦይ ውስጥ ጎን ለጎን ከተቀበሩ የአንድ መንገድ ሥራ ቁፋሮ ሁለቱንም ይቆርጣቸዋል። ሁለቱ ሰርቨሮች ከአንድ ዩ.ፒ.ኤስ. ላይ ከተሰኩ የአንድ ባትሪ መሞት ሁለቱንም ያጠፋቸዋል። በአገራችን ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ከሁለት የተለያዩ ኩባንያዎች መስመር መውሰድ የሚቻልበት በር ተከፍቷል። ይሁን እንጂ ሁለት ደረሰኝ መኖሩ ብቻ ሁለት መንገድ መኖሩን አያረጋግጥም። ባሕር በር የሌላት አገራችን ከዓለም ጋር የምትገናኝባቸው የምድር መስመሮች በጎረቤት አገሮች ያልፋሉ፤ ከዚያም በባሕር ሥር ኬብሎች ይቀጥላሉ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 በቀይ ባሕር ሥር ያሉ በርካታ ኬብሎች ባንድ ወቅት ሲጎዱ፣ በወረቀት ላይ የተለያዩ የሚመስሉ ኬብሎች በአንድ ጠባብ የባሕር መተላለፊያ እንደሚያልፉ ዓለም አስታውሷል።

5. ከጋና የመጣው ቅጂ

እስካሁን ያልነውን ሁሉ ባንድነት የሚያሳይ እውነተኛ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2017 ኖትፔትያ የተባለ አጥፊ ፕሮግራም ከዩክሬን ተነሥቶ በብዙ አገሮች ተዛመተ። ከተጎዱት አንዱ ዋና መሥሪያ ቤቱ ኮፐንሃገን የሚገኘው ሜርስክ የተባለው ታላቅ የመርከብ ኩባንያ ነበር። ኩባንያው በየአገሩ የተቀመጡ፣ በመረቡ ላይ ማን ምን እንዲከፍት እንደተፈቀደለት የሚመዘግቡ 150 ያህል ሰርቨሮች ነበሩት። እነዚህ ሰርቨሮች መዝገቡን ያለማቋረጥ ይለዋወጡ ስለነበር አንዱ ቢበላሽ ሌሎቹ ይተኩታል ተብሎ ታምኖ ነበር። ሁሉም ባንድ ጊዜ ሊጠፉ እንደሚችሉ ግን አልታሰበም። እርስ በርስ በመገናኘታቸው የተነሣ ሁሉም ጠፉ፤ ከአንዱ በቀር።

የተረፈው ጋና የነበረው ነው። በኋላ በታተሙ ዘገባዎች እንደተገለጸው የተረፈበት ምክንያት አጥፊው ፕሮግራም ሳይደርስ በፊት መብራት ጠፍቶ ከመረቡ ተለያይቶ ስለነበር ነው። እኛ በየጊዜው የምንማረርበት የመብራት መቋረጥ አንድን ዓለም አቀፍ ኩባንያ አዳነ።

የተረፈውን መዝገብ ወደ እንግሊዝ መላክ ሌላ ችግር ሆነ፤ መዝገቡ በመቶዎች የሚቆጠር ጊጋ ባይት ሲሆን የጋናው መስመር ጠባብ ስለነበር ቀናት ይፈጅ ነበር። ስለዚህ ሠራተኞች በአውሮፕላን ተቀባብለው፣ ናይጄሪያ ላይ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ፣ ዲስኩ ለንደን ገባ። እዚህ ላይ ለማስተማሪያ ያህል እናስላ። መዝገቡ 300 ጊጋ ባይት፣ መስመሩም በሴኮንድ 2 ሜጋ ቢት ቢሆን 14 ቀን ያህል ይፈጃል። በቦርሳ የተያዘ ዲስክ 8 ሰዓት ተጉዞ ቢደርስ ግን በሴኮንድ 83 ሜጋ ቢት ገደማ ከሚያስተላልፍ መስመር ጋር እኩል ይሆናል። ቦርሳው ሰፊ ነው፤ መዘግየቱ ግን 8 ሰዓት ነው። በቦርሳ መዝገብ ማጓጓዝ ይቻላል፤ በቦርሳ ስልክ መነጋገር አይቻልም። በክፍል ሁለት ያየነው የስፋትና የመዘግየት ልዩነት ይኸው ነው።

የኩባንያው የቦርድ ሰብሳቢ በኋላ እንደተናገሩት በአሥር ቀን ውስጥ 4,000 ሰርቨሮችና 45,000 ኮምፒዩተሮች እንደ አዲስ ተጭነዋል፤ ኩባንያውም ጉዳቱን ከ200 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ገምቶታል።

ትምህርቱ ግልጽ ነው። እርስ በርሱ የሚመሳሰል መዝገብ መጠባበቂያ ቅጂ አይደለም፤ አንዱ ላይ የደረሰው ጥፋት በደቂቃ ውስጥ በሌላው ላይ ይገለበጣል። መጠባበቂያ ቅጂ የሚባለው ከመረቡ የተነጠለ፣ ከሕንፃውም የራቀ ሲሆን ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 በፈረንሳይ ስትራስቡርግ ከተማ የኦ.ቪ.ኤች. ኩባንያ የሰርቨር ሕንፃ ሲቃጠል፣ ዋናውንም ቅጂውንም በአንድ ግቢ ያስቀመጡ ደንበኞች ሁለቱንም አጥተዋል። «ደመና» የሚባለውም አገልግሎት በሌላ ሰው ግቢ ያለ ሰርቨር ነው፤ እርሱም ሊቃጠል ይችላል።

6. ሥራ አስኪያጁ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች

ሥራ አስኪያጁ ኬብል መግጠም አይጠበቅበትም። የሚጠበቅበት የሚከተሉትን መጠየቅና መልሱን በጽሑፍ ማግኘት ነው።

ሀ) አገልግሎታችን ሲቋረጥ ከአምስቱ ክፍሎች የትኛው እንደጎደለ እንመዘግባለን? ያለፉት ስድስት ወራት መዝገብ የታለ?

ለ) የቀረበው ግዥ የሚያሻሽለው ስፋትን ነው ወይስ መዘግየትን? የእኛ ችግር የትኛው መሆኑ ተለክቷል?

ሐ) መብራት ቢጠፋ ከደንበኛው መስኮት እስከ ሰርቨሩ ባለው መንገድ ላይ ያሉት መሣሪያዎች ሁሉ ኃይል ያገኛሉ? ጄኔሬተሩን አስነሥተን ሞክረነዋል?

መ) ሁለተኛ መስመር ወይም ሁለተኛ ሰርቨር ካለን ከመጀመሪያው ጋር የሚጋራው ምንድን ነው? ቦዩን፣ ባትሪውን፣ ክፍሉን ወይስ ሠራተኛውን?

ሠ) ከመረቡ የተነጠለ፣ ከሕንፃው ውጭ ያለ ቅጂ አለን? ከዚያ ቅጂ መዝገቡን መልሰን የከፈትነው መቼ ነው? ያልተሞከረ ቅጂ ተስፋ እንጂ ቅጂ አይደለም።

ረ) የአንድ ሰዓት መቋረጥ ስንት ብር ያሳጣናል?

የመጨረሻው ጥያቄ የሥራ አስኪያጁ ብቻ ነው፤ የኮምፒዩተር ክፍሉ ሊመልሰው አይችልም። መልሱ ከሌለ ደግሞ ለሌሎቹ ስንት ማውጣት እንደሚገባ ማንም ሊያውቅ አይችልም። በሰዓት ጥቂት መቶ ብር የምታጣ ትንሽ ሱቅ ሁለተኛ መስመር ባትገዛ ልክ ናት፤ የተነጠለ ቅጂ ግን ለእርሷም ያስፈልጋታል። የጠፋ ሰዓት ነገ ሊካካስ ይችላል፤ የጠፋ የብድር መዝገብ ግን አይመለስም።

ማጠቃለያ

ጽሑፋችንን በጀመርንበት መስኮት እንጨርስ። መብራት መቋረጡን፣ ኬብል መቆረጡን፣ ዲስክ መሞቱን ፈጽሞ ማስቀረት የሚችል ሥራ አስኪያጅ የለም፤ የብርሃንን ፍጥነትም ማንም በደብዳቤ አያሻሽለውም። የሚቻለው አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ ነው። ይህ ሲደረግ ከመስኮቱ ጀርባ ያለችው ሠራተኛ «ሲስተም የለም» ከማለት ይልቅ «የውጭ መስመሩ ተቋርጧል፤ ሁለተኛው በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይተካዋል፤ እባክዎ ይቀመጡ» ለማለት ትችላለች። ለደንበኛው በሁለቱ መልሶች መካከል ያለው ልዩነት ወደ ቤት በመመለስና ጉዳዩን ጨርሶ በመሄድ መካከል ያለው ልዩነት ነው።